ቀለበት ፍለጋ፦ ወባን ከስልክ ፎቶ የመለየት ሙከራዬ

መስከረም 18፣ 2017 (ቅዳሜ)

የመስቀል ማግስት ነው። ትናንት ማታ እህቴ ጋ ደወልኩ። አርባ ምንጭ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። «እንኳን አደረሰሽ» ብዬ ሳልጨርስ «ዓይኔ ጠፋልህ» አለችኝ። ለሷ በዓል አልነበረም፤ ተረኛ ነበረች። ከ80 በላይ የወባ ስላይድ፣ ማለትም ደም የተቀባበት መስታወት፣ በማይክሮስኮፕ አንብባ ነው ወደ ቤት የገባችው። ክረምቱ ሲወጣና ውኃው በየጉድጓዱ ሲቋጥር የወባ ሰሞን ይጀምራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የላብራቶሪው በር ላይ ያለው ወረፋ አይቀንስም።

አንዱን ስላይድ «ኔጌቲቭ» ለማለት 100 ፊልድ ማየት አለባት። ፊልድ የሚሉት በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታየውን ክብ ነው። ወባው ካለና ከበዛ ቶሎ ይገኛል። የሚያደክመው የሌለበትን ሰው «የለብህም» ብሎ መፈረሙ ነው።

«ይሄን እኮ ኮምፒውተር ሊሠራልሽ ይችላል» አልኳት። ሳቀች። ሳቋ አልተመቸኝም። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ የክፍያ ሶፍትዌር የምጽፍ ሰው ነኝ። ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተርን በምሳሌ ማስተማር፣ የተማርኩት በትርፍ ሰዓቴ ነው። ድመትን ከውሻ የሚለይ ነገር ሠርቻለሁ፣ ከዚያ አላለፍኩም። እንግዲህ ዛሬ ጀመርኩ። የሆነውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስይዝ። ይህ ነገር ለማንም ሕመምተኛ ውጤት አይሰጥም። ሙከራ ነው።

መስከረም 20

ዳታ ተገኘ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ለሁሉም ክፍት ያደረገው ነው። 27,558 ፎቶ አለው። ግማሹ፣ ማለትም 13,779ኙ፣ ፓራሳይት (ወባ አምጪው ተውሳክ) ያለበት ቀይ የደም ሴል ነው፤ ሌላው ግማሽ ንጹሕ። ደሙ የተወሰደው ባንግላዴሽ ውስጥ፣ ቺታጎንግ ከሚገኝ ሆስፒታል፣ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ከያዛቸው 150 ሰዎችና ከ50 ጤነኞች ነው። ፎቶውን ያነሡት ስልክ ማይክሮስኮፕ ላይ ገጥመው ነው። ከዚያ አንድ ስላይድ አንባቢ ባንኮክ ላይ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ምልክት አደረገበት። የዚያ ሰው ትዕግሥት ይገርመኛል።

ሁሉም ተጨምቆ ወደ 350 ሜጋባይት ነው። ሁለቴ ተቋርጦ በሦስተኛው ወረደልኝ።

ማታ ኮድ ሳልነካ ፎቶዎቹን ብቻ ሳይ አመሸሁ። ጊምዛ የሚባለው ቀለም ሴሉን ፈዛዛ ሮዝ ያደርገዋል። ውስጡ ፓራሳይት ካለ ኒውክለሱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ነጥብ ይሆናል፤ አካሉ ደግሞ ቀጭን ሰማያዊ ክብ። ፈርጥ ያለበት ቀለበት ይመስላል። እህቴም «ቀለበት» ነው የምትለው። ከሃምሳ ፎቶ በኋላ እኔም መለየት የጀመርኩ መሰለኝ። መሰለኝ ነው ያልኩት።

መስከረም 22

ሞባይልኔት የሚባለውን ሞዴል መረጥኩ። የጎግል ሰዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፤ ስልክ ላይ እንዲሠራ ተብሎ ስለተሠራ ቀላል ነው። ከባዶ አላስተማርኩትም። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተራ ፎቶ፣ ወንበር፣ ወፍ፣ መኪና፣ አይቶ ያደገውን ወስጄ መጨረሻውን ብቻ ለደም ሴል አስለመድኩት። ጎግል በኢንተርኔት በነጻ በሚያውሰው ኮምፒውተር፣ ኮላብ በሚባለው ላይ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ለማያውቅ ሰው አሠራሩ እንዲህ ነው። «ቀለበት ፈልግ» ብዬ አልነገርኩትም። ፎቶ አሳየዋለሁ፣ ይገምታል፣ መልሱን እነግረዋለሁ። ከተሳሳተ ውስጡ ያሉትን ሚሊዮን ቁጥሮች በትንሽ በትንሹ ያስተካክላል። እንደገና፣ እንደገና። ምን አይቶ እንደሚወስን የሚያውቀው ራሱ ነው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ቀለል አድርጌ ነበር ያየኋት፤ በኋላ ዋጋ አስከፈለችኝ።

ለፈተና ብዬ ካስቀመጥኳቸው ፎቶዎች 96.8 በመቶውን አገኘ! ስክሪንሾቱን በቴሌግራም ለእህቴ ላክሁላት።

«ጎበዝ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «የፈተንከው የማንን ደም ነው?»

«የሰዎቹን ነዋ።»

«የየትኞቹን?»

መስከረም 25

ጥያቄዋ ሦስት ቀን ስላላስተኛኝ ዛሬ የፋይሎቹን ስም ማየት ጀመርኩ። ለካ በያንዳንዱ ፎቶ ስም ውስጥ የታካሚው መለያ፣ የተነሣበት ቀንና ሰዓት ሁሉ ተጽፏል። እኔ 27 ሺውን ፎቶ እንደ ካርታ በውዤ ነው ለመማሪያና ለፈተና የከፈልኩት። ስለዚህ የአንድ ሰው 100 ሴል ለመማሪያ፣ ሌላው 20 ሴል ለፈተና ገብቷል። ያው ደም፣ ያው ቀለም፣ ያው ብርሃን ነው።

ሞዴሌ ኮራጅ ነው። ፈተናው ላይ የመጡትን ሰዎች አስቀድሞ ያውቃቸዋል።

በሰው ከፍዬ እንደገና አስተማርኩት። ለፈተና የገባ ሰው አንድም ሴሉ መማሪያው ውስጥ የለም። 93.1 በመቶ ሆነ። አሁንም ጥሩ ነው፣ ግን ያች 3.7 በመቶ የኔ አልነበረችም።

በዚህ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። የሳንባ ምች በደረት ራጅ የሚለይ ሞዴል ነበር። የተማረበት ሆስፒታል ጎበዝ፣ ሌላ ሆስፒታል ሲሄድ ደከም የሚል። ሲመረምሩት ራጁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ ለይቶ ያውቃል። ራጅ አንሺው ጥግ ላይ የሚያስቀምጣትን የብረት ምልክት ሁሉ ያያል። አንደኛው ሆስፒታል ውስጥ ሳንባ ምች ከበዛ ምልክቷን ማወቅ ብቻውን ነጥብ ያስገኛል። ሳንባውን ማየት ለምን ይደክማል?

ለእህቴ ነገርኳት። «እኛም ክፍል እንዲህ ያለ ልጅ ነበር» አለች።

ጥቅምት 2

ዛሬ ኮድ አልጻፍኩም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሒሳብ ብቻ ሠራሁ፣ ውሎዬም ተበላሸ።

ሞዴሉ ንጹሕ ከሆኑ 100 ሴሎች 96ቱን «ንጹሕ» ይላል። ጥሩ ይመስላል። ግን ሴሉ በደንብ በተሳሳበት ቦታ አንድ ፊልድ ላይ 200 ያህል ቀይ ሴል ይታያል። 100 ፊልድ ካየን 20 ሺህ ሴል ነው። የ20 ሺህ 4 በመቶ 800። ማለትም ምንም የሌለበት ጤነኛ ሰው ቢመጣ ሞዴሌ 800 ሴሉን «ወባ» ይለዋል።

አሁን የታመመ ሰው አምጣ። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 5 ሺህ ያህል ፓራሳይት አለው እንበል። ትኩሳቱ አልጋ ላይ ሊጥለው ይችላል። ግን በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ ያለው ቀይ ሴል ወደ 5 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ የተያዘው ከሺው አንዱ ብቻ ነው። ከ20 ሺህ ሴሉ 20። ሞዴሌ እነዚያን 20 ሁሉ ቢያገኝ እንኳ 800 ውሸት ውስጥ ደብቆ ነው የሚሰጠኝ።

ችግሩ የመጣው ከዳታው ቅርጽ ነው። እዚያ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ሰው ደም ውስጥ ግን አንድ ለሺህ። አልዋሸሁም፣ ግን 93 በመቶ የምትለው ቁጥር ጤና ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ሌላ ነገር ትሆናለች።

ማታ ላይ መቁረጫውን ከፍ አደረግሁት። ሞዴሉ «ወባ ነው» የሚለው 99 በመቶ እርግጠኛ ሲሆን ብቻ እንዲሆን። 800 የነበረው ወደ 60 ወረደ። ግን ከእውነተኛዎቹ ቀለበቶች አንድ ሦስተኛውን ጣለ። አንዱን ስትጠብቅ ሌላው ያፈሳል። የትኛውን ማፍሰስ ይሻላል? ይህን የሚመልሰው ኮድ ጸሐፊ አይደለም። ያመለጠው ወባ ሕፃን ላይ ከሆነ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ጥቅምት 9

ቀለል ያለ ቀን። ስልኩን ከማይክሮስኮፑ ጋር የሚያያይዝ ነገር ሠራሁ። በእጅ ይዞ ማንሣት አይሆንም፤ ትንፋሽ እንኳ ያንቀጠቅጠዋል፣ ፎቶውም ዳር ዳሩ ጥቁር ይሆናል።

ካምፓላ ማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ለዚሁ ለወባ ጉዳይ ስልክ መያዣ በስሪዲ ፕሪንተር አትመዋል። እኔ ፕሪንተር የለኝም። ጎረቤቴ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ የትምህርት ቤቱን ማይክሮስኮፕ ለሰንበት አስፈቅዶ አዋሰኝ። መጀመሪያ የሃይላንድ ክዳን በስቼ ሞከርኩ፣ ላላ። ከዚያ የፒቪሲ ቧንቧ ቁራጭ፣ ውስጡ ስፖንጅ፣ የድሮ ስልክ ከቨር ላይ በሱፐር ግሉ ተጣበቀ። የሽንኩርት ልጣጭ አነሣሁበት። ጥርት ያለ ነው። መምህሩ «ለልጆቹ አንድ ሥራልኝ» ብሎኛል።

ነገ ጠዋት ወደ አርባ ምንጭ በሚሄድ ሰው እልከዋለሁ።

ጥቅምት 20

ፎቶዎቹ መጡ። 46 ናቸው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ፈቅዶላት፣ ለሥልጠና ተብለው ከተቀመጡ አሮጌ ስላይዶች ያነሣቻቸው ናቸው። ስም የለባቸውም፣ ቁጥር ብቻ። መልሱን እሷ ታውቃለች፣ እኔ አላውቅም። እንዲህ ነው የተስማማነው።

ሞዴሉ 46ቱንም «ወባ» አለ። አንድም አልቀረውም።

መልሱን ላከችልኝ። 15ቱ ንጹሕ ከሆነ ስላይድ የመጡ ናቸው።

ሁለት ሰዓት ሙሉ በስልክ አንድ በአንድ አየናቸው። እኔ «ይቺስ?» እላለሁ፣ እሷ ትመልሳለች።

«ፕላትሌት ናት፣ ደም የምታረጋዋ ትንሽ ሴል። ቀዩ ሴል ላይ ተኝታ ነው እንጂ ውስጡ አይደለችም።»

«ይቺስ?»

«የቀለም ቆሻሻ። ጊምዛው ሳይጣራ ሲቀር ጥቁር ጥቁር ነጥብ ይጥላል።»

«ይሄ ትልቁ?»

«ነጭ ሴል ነው አንተ ልጅ! ነጭ ሴል አሳይቶህ አያውቅም እንዴ ማሽንህ?»

አሳይቶኝ አያውቅም። የባንግላዴሹ ዳታ ተቆራርጦ፣ ቀይ ሴል ብቻ ሆኖ፣ ንጹሕ ተብሎ የመጣ ነው። ሞዴሌ ዓለም ላይ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ንጹሕ ቀይ ሴልና የተያዘ ቀይ ሴል። ነጭ ሴል ስታሳየው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት። ሐምራዊ ስለሆነ «ወባ» ይላል። ሞኝነት አይደለም፣ ሌላ መልስ አልሰጠሁትም።

ከ46ቱ 13ቱ ደግሞ ደብዛዛ ናቸው። በዚህ እህቴን አልወቅስም። ጎግል የስኳር ሕመምተኞችን ዓይን የሚያይ ሲስተሙን ታይላንድ ክሊኒኮች ውስጥ ሲሞክር ነርሶቹ ካነሧቸው 1,838 ፎቶዎች 21 በመቶው ጥራት የለውም ተብሎ ተመልሶባቸዋል። ይህ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነው። ክፍሉ በደንብ አይጨልምም፣ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፣ ወረፋው ይረዝማል። ላብራቶሪ ውስጥ ሐኪም የሚያህል የነበረው ሞዴል ክሊኒክ በር ላይ መጋረጃ አጣ።

ጥቅምት 27

አጭር ማስታወሻ። የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር አየሁ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20፣ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ተይዟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። የእህቴ «ዓይኔ ጠፋ» ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ።

ዛሬ በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 6 ነው። በ1880 በዚህችው ቀን ነው ላቬራን የተባለው ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም አልጄሪያ፣ ኮንስታንቲን ውስጥ፣ የታመመ ወታደር ደም ላይ ፓራሳይቱን ሲንቀሳቀስ ያየው። ጊምዛ እንኳ ገና አልነበረም። ያለ ቀለም አየው! እኔ ቀለም ኖሮኝ፣ ሚሊዮን ቁጥር ኖሮኝ ነጭ ሴል ወባ እላለሁ። በዓሉ መድኃኔዓለም ነው፤ እሱ ይርዳኝ።

ኅዳር 14፣ አርባ ምንጭ

በስልክ አልሆነም። ፈቃድ ወስጄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ጠዋት ላብራቶሪው ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለት ማይክሮስኮፕ አለ። አንዱ መብራት አለው። ሌላው የመስታወት ነው፤ መስኮቱ ሥር ይቀመጥና የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ ተንጸባርቆ ወደ ላይ ይገባል። መብራት ሲጠፋ በሱ ይሠራሉ። ፎቶዎቼ አንዳንዶቹ ቢጫ፣ አንዳንዶቹ ሰማያዊ የሆኑበት ምክንያት ይኸው ነው። ጠዋት የተነሣና ከሰዓት የተነሣ አንድ ዓይነት ቀለም የለውም። አዲስ አበባ ሆኜ ስለ «ቀለም ማስተካከል» ሁለት ሳምንት ሳነብ ነበር። አንድ መስኮት ማየት ይበቃኝ ነበር።

ስላይድ ስትሠራ አየሁ። ጣት ትወጋለች፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ትጠርጋለች። ስላይዱ ላይ ሁለት ነገር ትሠራለች። አንደኛው ቲክ ነው፤ ወፈር ያለ ክብ፣ በሌላ ስላይድ ጥግ አሽከርክራ የምታሰፋው። ሌላው ቲን፤ በስላይድ ጠርዝ ወደፊት ገፋ ታደርገውና እንደ ምላስ ተስቦ ይቀጥናል። ሲደርቅ ቲኑን ብቻ ሜታኖል ታስነካዋለች፣ ቲኩን በፍጹም። ከዚያ ጊምዛ። የምትበጠብጥበት ውኃ ፒኤች 7.2 እንዲሆን ትፈልጋለች። አሲድነት ከበዛ ሁሉ ነገር ይቀላል፤ ቀለበቱ አይወጣም።

ማንበብ ስትጀምር አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ አድርጋ ባለ 100ውን ሌንስ አወረደች። አየኋት። ቲኩን ነው የምታየው።

«ቲኑን አታይም?»

«መጀመሪያ ቲኩን ነው። ደሙ ብዙ ስለሆነ ትንሽ ወባም ካለ አይደበቅም። ካገኘሁ በኋላ ዓይነቱን ለመለየት ወደ ቲኑ እሄዳለሁ።»

ቲክ ላይ ቀይ ሴል የለም። ሜታኖል ስላልነካው ቀለሙ ውስጥ ፈንድቶ ይጠፋል፤ የሚቀረው ነጭ ሴልና ፓራሳይት ነው። የኔ ሞዴል ደግሞ ቀይ ሴል እየቆረጠ ነው የሚሠራው። ማለትም ሁለት ወር ሙሉ እሷ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ የማታየውን ነገር እንዲያይ ነው ያስተማርኩት። አንድ ጊዜ ብጠይቅ ኖሮ ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩም።

ወጥቼ ሻይ ጠጣሁ። ሁለት።

ከሰዓት «እንግዲያው ለምን አልተውከውም?» አለችኝ። ሳትሳለቅ ነው የጠየቀችኝ። እኔም መልሼ «ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ኪት እያለ ለምን ማይክሮስኮፕ ላይ ትደክሚያለሽ?» አልኳት። ኪቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ መስመር ያሳያል። ብዙዎቹ ኪቶች ፋልሲፓረምን የሚያውቁት ኤችአርፒ-2 በሚባል ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የማይሠሩ ፓራሳይቶች ግን አሉ፤ ዘረመሉ ጎድሏቸዋል። ኤርትራም ኢትዮጵያም ውስጥ ተገኝተዋል። እንዲህ ያለው ከእነዚህ ኪቶች ሊያመልጥ ይችላል፣ ከማይክሮስኮፑ ግን አያመልጥም። ዓይኗ ዛሬም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቲኑም ቢሆን ከንቱ አይደለም። ዓይነት የሚለየው እዚያ ነው፣ መድኃኒቱም የሚወሰነው በዓይነቱ ነው። ፋልሲፓረም ከሆነ ኮአርተም፣ ሦስት ቀን። ቫይቫክስ ከሆነ ክሎሮኪን፣ ከሱ ጋር ደግሞ ፕሪማኪን። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ስለሚቀር፣ ደሙ ከጸዳ ከወራት በኋላ እንደገና ይነሣል፤ ፕሪማኪኑ የተኛውን ለመንቀል ነው። ስለዚህ «ወባ አለ» ብሎ ማቆም ግማሽ ሥራ ነው። የባንግላዴሹ ዳታ ደግሞ ፋልሲፓረም ብቻ ነው። እኛ ሀገር ሁለቱም አሉ።

እህቴ ልዩነቱን አሳየችኝ። ፋልሲፓረም ቀለበቱ ቀጭን ነው። አንዳንዴ አንድ ሴል ውስጥ ሁለት ሦስት ይሆናል፣ ሴሉም አይተልቅም። ሲያድር ሙዝ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ያንን ያየ ሰው አይስትም። ቫይቫክስ የያዘው ሴል ግን ይተልቃል፣ ያብጣል፣ ውስጡ ሮዝ ነጠብጣብ ይበተናል። «የተነፋ ፊኛ ላይ ቃሪያ እንደመነስነስ» አለች። እንዲህ ሆኖ የተጻፈ መጽሐፍ ባገኝ ኖሮ ሥራው ይቀልልኝ ነበር።

ማታ እራት ላይ «ሥራዬን ሊወስድብኝ ነው?» አለች። ዓሣ እየበላን። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ለቲቢ ምርመራ የደረት ራጅን ሶፍትዌር እንዲያነብ ፈቅዷል፤ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ። ያም የሚሠራው ማን አክታ መስጠት እንዳለበት ለመለየት ነው፤ የመጨረሻው ቃል የአክታው ምርመራ ነው። ይህን ነገርኳት። «እሱ ጥሩ ነው» አለች። «እኔ የሚያደክመኝ ማግኘቱ አይደለም። 60ኛው ፊልድ ላይ ዓይኔ ዝም ብሎ ሲያልፍ ነው። እዚያ ጋ ክንዴን የሚነካኝ ነገር ብትሠራ...»

ይህን በስልኬ ላይ ጻፍኩት። ከሁለት ወር በኋላ ሥራው ምን እንደሆነ ገና አሁን ተነገረኝ።

ታኅሣሥ 5

አርባ ምንጭ ስድስት ቀን ቆይቼ 310 ፎቶ ይዤ ተመለስኩ። ከ12 አሮጌ ስላይድ ናቸው። 7 ፋልሲፓረም፣ 3 ቫይቫክስ፣ 2 ንጹሕ። ጠዋትም ከሰዓትም፣ በመስታወቱም በመብራቱም ተነሥተዋል። እህቴ ማታ ማታ እየተቀመጠች አንድ በአንድ ምልክት አደረገችባቸው። አሁን ምርጫው ሁለት ብቻ አይደለም፤ ነጭ ሴል፣ ፕላትሌት፣ የቀለም ቆሻሻ የሚባሉ ሦስት ተጨማሪ ክፍሎች አሉ። ቆሻሻን በስሙ ማስተማር ከሁሉ የበለጠ ጠቀመኝ።

ሥልጠናው ላይ ፎቶዎቹን ሆን ብዬ አበላሻቸዋለሁ። አንዱን አቢጫለሁ፣ አንዱን አጨልማለሁ፣ አንዱን አሽከረክራለሁ። ሞዴሉ ብርሃኑን ትቶ ቅርጹን እንዲያይ ነው። በየተራ አንድ ስላይድ እያስቀረሁ በ11ዱ አስተምሬ በቀረው እፈትናለሁ። ኩረጃ የለም።

ውጤት፦ ከእውነተኛዎቹ ቀለበቶች 81 በመቶ ያገኛል። የውሸት ጥቆማው በአንድ ፊልድ በአማካይ ከአንድ በታች ሆኗል። ቫይቫክስን ከፋልሲፓረም ሲለይ ግን ሳንቲም እንደመወርወር ነው። ሦስት ስላይድ አይበቃም፣ ገብቶኛል።

81 ከ96.8 ያንሳል። ግን ይቺ 81 የኔ ናት። የ12 ሰው ደም ብቻ ስለሆነችም ብዙ አልመካባትም።

ታኅሣሥ 19

የገብርኤል ቀን። እህቴ ግማሽ ቀን እረፍት ስላላት በቪዲዮ ተቀመጥን። የላከቻቸው 20 አዲስ ፎቶዎች ላይ ሞዴሉ 14 ቦታ ቢጫ ሳጥን ሣለ። አሁን «ወባ» አይልም፤ «እዚህ እይ» ብቻ ነው የሚለው።

ዘጠኙን አይታ ሳትጨርስ «ልክ» አለች። አራቱን «ፕላትሌት፣ ፕላትሌት፣ ቆሻሻ፣ ፕላትሌት»። አንዷ ላይ ቆመች። ስልኩን አቀረበች፣ አራቀች።

«ይቺን አላውቅም።»

«ሞዴሉ 97 በመቶ እርግጠኛ ነኝ ብሏል።»

«እሱ ይበል። ማይክሮስኮፕ ላይ ብትሆን በሁለት ሰከንድ እነግርህ ነበር።»

«ለምን?»

«ፎቶው አይዞርማ! እኔ እጄ ሁልጊዜ ትንሿ የጥራት ማስተካከያ ብሎን ላይ ነው። ወደ ላይ ወደ ታች አደርገዋለሁ። ሴሉ ውስጥ ከሆነች ከሴሉ ጋር አብራ ትጠራለች። ከላይ የተኛች ከሆነች ሴሉ ሲደበዝዝ እሷ ትጠራለች። ያንተ ፎቶ አንድ ቦታ የቆመ ነው።»

አርባ ምንጭ ስድስት ቀን ሙሉ እጇን አይቼዋለሁ። ስታነብ ቀኝ እጇ ስላይዱን ይገፋል፣ ግራ እጇ ዝም ብሎ ብሎኗን ያሽከረክራል። ልማድ መስሎኝ ነበር። ለካ ግማሹ ንባብ እዚያ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሥራ ታወቀ። እያንዳንዱ ፊልድ ሦስት ፎቶ ይነሣል፤ አንዱ ከፍ ብሎ፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ ዝቅ ብሎ። ሞዴሉ ሦስቱን ባንድ ላይ ያያል። ፎቶው በሦስት ይባዛል፣ የእህቴም ድካም እንደዚያው። ጠየቅኋት፤ «የሰሞኑ ወረፋ ቀለል ብሏል፣ ከገና በኋላ አነሣልሃለሁ» አለች። ስልኳ ግን ሞልቷል፣ ለልጇ ልደት ያነሣችውን ቪዲዮ አልሰርዝም ብላለች።

ነገ ባለ 64 ጊጋ ሜሞሪ ካርድ ገዝቼ ሰኞ በሚሄደው ሰው እልክላታለሁ። ከሱ ጋር ሁለተኛ የፒቪሲ መያዣ። የመጀመሪያውን ስፖንጅ አይጥ በልቶታል።